ዘንግ ያዡ

ብረቱ ገና ወደብ ላይ፣ ሸራ ተከናንቦ ሲተኛ፣
ጎህ ሳይቀድ ከጅማ ወጣን፣ በፒክአፕ፣ ሦስት ሆነን እኛ፦
ሰዓዳ አባ ጊሳ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
ሞቱማ መሪውን ይዞ፣ መፋቂያ ነክሶ በዝምታ፣
እኔ ከኋላ ቆሜ፣ የቀርከሃ ዘንግ ይዤ፣
አምስት ሜትር ከስልሳ፣ ጫፉን በቀይ ጨርቅ ገንዤ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዘንጉ የነካውን መጥራት፦
«ሽቦ!» «ቅርንጫፍ!» «ማስታወቂያ!» የእሷ ደግሞ ቁጥር መሥራት።

ሰርቦ ላይ የስልክ ሽቦ፣ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ያለ፤
አሰንዳቦ ዳር አንድ ዋንዛ፣ ክንዱን አስፋልት ላይ የጣለ።
«ይቆረጥ?» አልኳት። «ባለቤቱን ጠይቅ መጀመሪያ» አለች፤
«ከሥሩ በቆሎ የሚጠበስበት ምድጃ አለ» ብላ ጻፈች።
ማን እንዲህ ይጽፋል? ከድልድይ ስፋት አጠገብ፣
ከቶን፣ ከሜትር መሐል፣ የአንዲት ሴትዮ የዕለት ምግብ።

ከሰኮሩ ወዲያ ምድር ታጠፈች፤ መንገዱም አብሮ ታጥፎ
እንደ ተጣለ ጠፍር ወደ ጊቤ ወረደ፣ ገደሉን አቅፎ።
ሙቀቱ ፊት ይልሳል። ዝንጀሮዎች መከለያው ብረት ላይ
ተደርድረው ያዩናል፣ እንደ ገምጋሚ ኮሚቴ፣ ከላይ።

ሰዓዳ ወረደች። ሜትሯን መሬት ላይ ዘረጋች፣
በየኩርባው በኖራ ያልመጣ መኪና ሣለች።
«አርባ ሁለት ሜትር ነው፤ ይህ ኩርባ የሚያውቀው አይሱዙ።
ራሱ ሲያልፍ አትደሰቱ፤ ከወገቡ ነው መዘዙ።»

ሞቱማ መፋቂያውን አወጣ። «እኔ ዓይኔ ይበቃኛል» አለ።
እሷም ቀና ሳትል፦ «ዓይንህ የኋላ ጎማው ላይ አለ?»

ሳቅኩ። እሱ ግን
ወደ አምስተኛው ኩርባ ብቻውን ሄደ።
ድንጋይ አነሣ፤ በእጁ መዘነው፤
ወደ ገደሉ ሳይወረውር
መልሶ እነበረበት አኖረው።
«ቀልቤሳ ይባላል፣ ረዳቴ። ሽቅብ ስንወጣ ሞተር ጠፋ።
ታኮ ይዞ ወረደ።» ከዚያ ወዲያ ድምፁም ጠፋ።

ሰዓዳ «እግዜር ያጥናህ»ም አላለች፤ ደብተሯን ገልጣ ጻፈች፦
«ኩርባ አምስት። ታኮ በእጅ አይገባም።
ሁለተኛ መኪና ከኋላ ይደግፍ። ሰው ወደ ጎማ አይጠጋም።»
አነበበችለት። ራሱን ነቀነቀ።
እንዲህ ያለ ለቅሶ መድረስ አይቼ አላውቅም።

ክረምት አይሆንም፣ ጭጋግ ነው። ሐሙስ አይሆንም፣ ገበያ ነው፤
ከሂርማታ የሚመለስ አህያ ለሚኒስትርም መንገድ አይለቅ።
ጥር ይሁን። ማክሰኞ ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣
በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር።
«ከዚህስ ቀብር ይፈጥናል» አለ ሞቱማ።

መጣ።
ተራራ ተራራን ሲወጣ አየሁ።
ዘጠና ስድስት ቶን ያቃስታል፤ እኔ ፊት ፊቱ፣ ባትሪ ይዤ፣
የኋሊት እየተራመድኩ፣ «ና… ና… ና…» እያልኩ፣ እንደ ሕፃን።
አምስተኛው ኩርባ ላይ የመጨረሻው ጎማ ኖራውን ረገጠ፤
አላለፈም፤ ከነጩ መስመር ግማሹን ብቻ ዋጠ።
ሞቱማ ክላክስ አልነፋም።
የጋቢናውን መብራት አንዴ አጠፋ፣
አበራ፣
ቀጠለ።

አሰንዳቦ ላይ ዋንዛው ቆሟል፤ ክንዱ በገመድ ወደ ላይ ታስሮ፣
ወጌሻ እንዳሰረው እጅ። ምድጃውም ተነሥቷል፣
አመዱ ብቻ ቀርቷል፣ ክብ።

አዌቱን ስንሻገር ነጋ። ሰዓዳ ደብተሩን ዘጋች፣
ጫማዋን አወለቀች።
እኔ ዘንጌን ተሸክሜ ቤቴ ደረስኩ፤ አልገባ አለ።
በቁመት፣ በሰያፍ፣ በመስኮት ሞከርኩ።
ሚስቴ ከውስጥ፦ «በሩን ሳትለካ ነው ያመጣኸው?»

ግድግዳው ላይ አስደግፌው ተኛሁ።
ቀይ ጨርቁ ከቆርቆሮው በላይ
ለሚያልፈው ሁሉ ከፍታዬን ሲያሳይ ዋለ።